የግርጌ ማስታወሻዬ ፊት ወንበር ላይ

«ጥያቄ እንኳ የለኝም፤ አጭር አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ማይክ የሚቀበል ሰው እፈራለሁ።

ይህ ሰው በየስብሰባው አለ። በዕድር ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ በወላጆች ቀን አለ፣ በቀበሌ ስብሰባማ የማይቀር ነው። ማይኩን ሲቀበል መጀመሪያ በጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። «ይሰማል?» ይላል። «ይሰማል» እየተባለ አንዴ ደግሞ ይነፋበታል። ከዚያ አዘጋጆቹን ያመሰግናል። ከዚያ ስለ ራሱ ጥቂት ይላል። «ወደ ዋናው ነጥቤ ስገባ» ማለት ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡት አንድ በአንድ ስልክ የተደወለላቸው መስለው ይወጣሉ።

ሌሎች ስብሰባዎች ላይ ይህ ሰው ቢበዛ ምሳ ያዘገያል። የታሪክ ጥናት በሚቀርብበት አዳራሽ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ይህ ሰው ምስክር ነው። ኬሚስትሪ የሚያጠና ጓደኛ አለኝ። የዶክትሬት ሥራውን ሲያቀርብ ከአድማጩ መካከል ተነሥቶ «ልጄ፣ ያ ውሁድ ሲፈላ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ አንተ እንደምትለው አይደለም» ያለው የለም። እኔን ግን ብለውኛል። ያውም ከፊት ወንበር፣ ያውም ከዘራ ተደግፈው ተነሥተው።

የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የማጠናው የፖለቲካ ታሪክ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ ስነግራት ቡና ትቆላ ነበር፤ መቁያውን ከእሳቱ አነሣችው።

«ታሪኩስ ደግ፤ ፖለቲካው ምን አደረገህ?» አለችኝ።

ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ የሚባለውን ምክር እናቴ እንደ ጸሎት ነው የምትደግመው። «እማዬ፣ እኔ የማጠናው እኮ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ነው» ስላት፣ «ኮረንቲ እንደሆነ አያረጅም» ብላ መቁያውን መለሰች። ለዚህ ከፈተና ሰጪዎቼ ሁሉ የከበደ አስተያየት እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

አልፈርድባትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ እናቴ ልጅ ነበረች፤ ታላቅ ወንድሟ ተማሪ ነበር። አያቴ አሳሾቹ ሰፈር መግባታቸውን ስትሰማ በቤቱ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ማንበብ ስለማትችል ደግሞ መርጣ አላቃጠለችም። በራሪ ጽሑፉንም፣ የአጎቴን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድም፣ የቤቱን ግብር ደረሰኝም አንድ ላይ ነው የማገደቻቸው። አብዮተኛውና ግብር ከፋዩ በአንድ እሳት ነደዱ። በራሪ ጽሑፉን ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ ደረሰኙን ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ ሹም ሁሉ ይጠይቀናል።

በዚያን ሰሞን በስንት ቤት ስንት ወረቀት እንደነደደ፣ ስንት መጽሐፍ ጓሮ እንደተቀበረና መጸዳጃ ጉድጓድ እንደገባ የሚያውቅ የለም። የእኔ ሙያ ከዚያ እሳት የተረፈውን መልቀም ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

አማካሪዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን መቀስ ይዘው ነው የተወለዱት። መጀመሪያ ያቀረብኩላቸው ርዕስ «የኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክ ከ1923 እስከ 1983» የሚል ነበር። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጀምሬ ደርግ እስኪወድቅ ልሄድ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ስንት ዓመት ለመኖር አስበሃል?» አሉኝ። ወደ አብዮቱ ዘመን ጠበበ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ 1966 ጠበበ። ቀጥሎ ወደ የካቲት። በመጨረሻ የካቲትንም «ሰፊ ነው» አሏትና የተረፈልኝ «የየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የሥራ ማቆም» ሆነ። ዘውድ፣ ፓርላማና ጦር ሠራዊት ይዤ ገብቼ ታክሲ ይዤ ወጣሁ።

ዘመድ አዝማድ ሲሰማ ያዘነልኝ ማዘን! አንዱ አጎቴማ «ለታክሲ ለታክሲ መንጃ ፈቃድ አይበቃም ነበር?» ብሎኛል።

ግን ታክሲ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የዚያን ዓመት ነገር የጀመረው ከዚህ በባሰ ትንሽ ነገር ነው። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር የውሃ ፓምፕ ተበላሸበት። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሩ ከዚያ ይቅዳ ሲባል አይሆንም አሉ። ወታደሩ መኮንኖቹን አሠረ። ነገሩን እንዲያበርዱ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ራሳቸው ተያዙና ወታደሩ የሚበላውን ብሉ፣ የሚጠጣውን ጠጡ ተባሉ። ስንት ዘመን «ሥዩመ እግዚአብሔር» ሲባል የኖረ መንግሥት በአንድ ፓምፕ መነቅነቅ ጀመረ።

ከወር ገደማ በኋላ ቤንዚን መጣ። አረቦችና እስራኤል ጥቅምት ላይ ተዋግተው ስለነበር የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሁሉ ሰማይ ነክቷል። የእኛም መንግሥት በቤንዚን ላይ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። አስተማሪዎችም በዚያው ዕለት ሥራ አቆሙ፤ የእነሱ ቅሬታ «ሴክተር ሪቪው» በሚባለው የትምህርት ዕቅድ ላይ ነበር። ተማሪው ወጣ፣ አውቶቡስ በድንጋይ ተመታ። ጃንሆይ በሳምንቱ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሱ፣ የትምህርቱንም ዕቅድ አዘገዩ። ጊዜው ግን አልፏል። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

በታክሲ ተጀምሮ በቮልስዋገን አለቀ ብል አማካሪዬ ይቆጡኛል። ለእናንተ ግን እላለሁ።

የማነበው ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ግቢ ነው። ቤቱ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤት ሆነ። ንጉሡ በተቀመጡበት ቤት ተቀምጬ ንጉሡ እንዴት እንደወረዱ አነባለሁ። አንዳንዴ ደረጃውን ስወጣ ይሉኝታ ይይዘኛል።

የዚያን ዘመን ሰዎች ከጻፉት ማስታወሻ ያላነበብኩት ጥቂት ነው። አክሊሉ በእስር ላይ ሆነው ጽፈዋል። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን፣ አንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ኮሎኔል መንግሥቱም ከሀራሬ ሆነው «ትግላችን»ን ጽፈዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል ነበር፤ የእኛ አገር ፖለቲከኛ ግን ሲሾም ያልጻፈ ሲሻር ይጽፋል። ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነባቸው አንድ ነገር ይገርመኛል። ጥፋት በያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ሞልቷል። አጥፊው ግን ሁልጊዜ በሌላኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ የምፈልጋቸው ታክሲ ነጂዎች ደግሞ ማስታወሻ አልጻፉም። መሪ የያዘ እጅ እስክሪብቶ አይዝም። በጋዜጣው ውስጥ «አንዳንድ ነጂዎች» ናቸው፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ «ሰፊው ሕዝብ» ናቸው፤ በእኔ ረቂቅ ውስጥ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «የከተማ ንዑስ አገልግሎት ሰጪ ኃይል» ሆነዋል። ስም ያለው አንድም የለም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የማቀርብበት ቀን ደረሰ።

አዳራሹ የት እንደሆነ አልናገርም፤ ነገ ተመልሼ የምገባበት ነው። በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩን ያተመው ልጅ ርዕሱ ረዘመበት መሰለኝ «የ1966» እና «ታሪካዊ ጥናት» የሚሉትን በደቃቅ ፊደል ታች ጥሎ «የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የሥራ ማቆም» የሚለውን ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል ጽፎታል። ሥራውን አልነቅፍም፤ አድማጭ አብዝቶልኛል። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ተራ አስከባሪ ከነፉጨቱ ገብቶ «የታሪፉ ስብሰባ እዚህ ነው?» አለ።

«የታሪክ ነው» አሉት የመድረኩ መሪ።

«እኮ፣ የታሪፍ» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ ይዞ ነበር፤ ቡናማ ኮት የለበሱ፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ። በር አጠገብ ተቀመጡ።

የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነበር። የመድረኩ መሪ ስለ ሰዓት አከባበር አስፈላጊነት ሲናገሩ ከሃያው ላይ የተወሰነችው ሄደች። የክብር እንግዳው «እኔ ብዙ ለማለት አልመጣሁም» ብለው ብዙ አሉ። ኮምፒውተሬና ፕሮጀክተሩ ደግሞ የተጣሉ ጎረቤቶች ሆነው አንዱ ሲበራ አንዱ ይጠፋል። ተስማምተው አብረው በሩና የመጀመሪያው ስላይድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ መብራት ሄደ። ከአዳራሹ አንድ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን እንደሆነ እስካሁን አጣራለሁ።

ያለ ስላይድ በቃሌ ተናገርኩ። ስለ መደብ ተናገርኩ፣ ስለ ከተማ ተናገርኩ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለውን «የታክሲ ነጂዎቹ የመደብ ንቃት» የሚለውን ሙግቴን፣ አምስት ወር የለፋሁበትን፣ በአራት ደቂቃ አወረድኩት። አጨበጨቡ። በአገራችን ጭብጨባ ማለት «አሁን ተራው የእኛ ነው» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ሰባት እጅ አንድ ላይ ሲወጣ ነው።

የመጀመሪያው ባለ ባርኔጣ ናቸው። ጥያቄ የላቸውም፤ አስተያየት ነው። ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ቮልስዋገኗን በዓይናቸው አይተዋታል። «ሰማያዊ ነበረች» አሉ። ከወዲያ ጥግ «ኧረ አረንጓዴ ናት!» የሚል ድምፅ መጣ። እኔ ስለ ቮልስዋገኗ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ የእኔ ጥናት መጋቢት ሳይገባ ያልቃል። ግን ማን ሊሰማኝ! ያቺን ቮልስዋገን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን ያገኘሁት ብዛት ቢሰበሰብ አዲስ አበባ ስታዲየም አይችለውም። ሁሉም ቆመው አይተዋታል፤ ሁሉም ያየበት ቦታ ይለያያል፤ መኪናዋም እንደየቦታው ቀለም ትለውጣለች።

ቀጥለው የተነሡት ሁለት ጎልማሶች ናቸው፤ ጎልማሳ ያልኩት ለአክብሮት ነው፣ ሰባውን አልፈዋል። በአብዮቱ ዘመን ከተቀናቀኑት ሁለት ድርጅቶች አንዱ የኢሕአፓ ሰው ነበሩ፣ ሌላው የመኢሶን። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ፤ አንዱ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ቢቋቋም ኖሮ» ሲሉ ሌላው ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። ያኛው «ሂሳዊ ድጋፍ ማለት እኮ…» ብለው ሲጀምሩ ይኼኛው ሳቁ። ሳቁ ብቻ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል።

«ሰነዱን አንብበኸዋል?» አሉኝ አንደኛው፣ ወደ እኔ እያዩ ለሌላኛው።

«የትኛውን?»

«ልሳናችንን፣ ‹ዴሞክራሲያ›ን ነዋ!»

«‹የሰፊው ሕዝብ ድምፅ›ንም ያንብባ እንግዲህ!» አሉ ሌላኛው።

በ1968 በአዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ላይ የተጀመረው ክርክር ሳይቋጭ ቀርቶ ኖሮ፣ መብራት ሄዶ በተመለሰበት አዳራሽ ከቆመበት ቀጠለ። በመጽሐፍ ያነበብኳቸውን ሐረጎች በሕይወት ስሰማቸው ጸጉሬ ቆመ። የግርጌ ማስታወሻዎቼ ናቸው እኮ! ገጽ ታች በደቃቅ ፊደል ያስቀመጥኳቸው ሰዎች ፊት ወንበር ላይ ጃኬት ለብሰው፣ መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይከራከራሉ።

የመድረኩ መሪ «ጊዜያችን» ሊሉ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። «ጊዜያችንማ አልፏል ልጄ» አሏቸው የኢሕአፓው። አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ትውልድ ስንቱ ጓደኛቸው አርባ ዓመት ሳይሞላው እንደቀረ እኔ በአኃዝ ነው የማውቀው፤ እሳቸው በስም ነው የሚያውቁት። መኢሶኑ ለአንድ አፍታ ዝም አሉና የማይኩን ገመድ ከወዳጃቸው እግር ሥር አነሡላቸው፣ እንዳያደናቅፋቸው። ከዚያ ክርክሩን ቀጠሉ።

እንደ ታሪክ ተማሪ ካየሁት ሁሉ ያቺን የማይክ ገመድ የት ምዕራፍ እንደማስገባት እስካሁን አላውቅም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሻይ ቡናው ደርሶ የሳምቡሳው ሽታ መግባት ሲጀምር፣ በር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ማይክ ሲሰጣቸው አልነፉበትም፤ ጭራሽ አልተቀበሉትም። ቆሙና ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ የመጣሁት የታሪፍ ነው ብሎኝ ነው ይኼ ልጅ» አሉ ተራ አስከባሪውን እያሳዩ። «ወንድ ልጄ ሚኒባስ ይነዳል። ግን ስለዚያ የየካቲቱ ጊዜ ስታወራ ሰማሁና… እኔ ያኔ ሰይቼንቶ ታክሲ ነበር የምነዳው።»

አዳራሹ ዞረ።

«ንቃት ንቃት ስትል ሰማሁህ፤ ልክ ነህ። እኔ ሌሊት አሥር ሰዓት ነው የምነሣው።»

ሳቁ ሲያባራ ቀጠሉ። መኪናዋ የእሳቸው አልነበረችም፤ ማታ ማታ ለባለቤቷ ገቢ ያስገባሉ። ሰው የሚጭኑት በስሙኒ ነው። ቤንዚን ሲጨምር ስሙኒዋ ስሙኒ ሆና ቀረች፤ ባለ መኪናውም ገቢውን አልቀነሰላቸውም። «ታዲያ ማን ይክፈለው? እኔ ነኛ የምከፍለው። ሁለት ቀን ሠራሁና ሦስተኛው ቀን ሒሳቡን ሳየው ሠርቼ መግባቴና ተኝቼ መዋሌ አንድ ሆነ። ተኛሁ። ሁሉም እንደኔ ተኛ። ይኸው ነው።»

ባለ ባርኔጣው «አመራሩ ግን ከየት ነበር?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ቀን የሰማሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበር።

«የምን አመራር?» አሉ ሽማግሌው። «ፒያሳ ቁርስ ቤት ነው የተነጋገርነው። ፉል እየበላን።»

መኪናዋንስ? ድንጋይ እንዳያገኛት ጉለሌ፣ የሚስታቸው እህት ግቢ ወስደው በሣር ሸፈኗት። ሦስተኛው ቀን ላይ ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለችባት። የኋላ ወንበር ላይ። «እንቁላሉን ባለ መኪናው ‹ድርሻዬ› ይላል ብዬ ፈራሁ» አሉ።

ኢሕአፓውና መኢሶኑ እኩል ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነጥብ ተስማሙ ብዬ መዝግቤያለሁ።

እረፍት ሲሆን ሳምቡሳውን ትቼ ሽማግሌው ዘንድ ሮጥኩ። ተራ አስከባሪው ግን ሳምቡሳውን አልተወም፤ የታሪፉን ነገር ረስቶ ሁለተኛውን ሳህን ይዟል። ሽማግሌውን የጠየቅኋቸው ምሁር የሚጠይቀውን አልነበረም። ለባለ መኪናው የሚያስገቡትን ይጽፉት ነበር ወይ ነው ያልኳቸው።

«እንዴታ! ደብተር ነበረችኛ። ቀኑን፣ ቤንዚኑን፣ ገቢውን፣ ትራፊክ ሲቀጣኝ ቅጣቱን። የመሸብኝን ሰፈር ሁሉ እጽፍ ነበር፤ ባለ መኪናው አያምነኝም።»

ልቤ ቆመ። አስቡት፤ ከየካቲት በፊትና በኋላ ያለው የቤንዚን ዋጋ፣ የነጂው ትርፍና ኪሣራ፣ ሥራ የቆመባቸው ቀናት ባዶ መሥመር፣ ሁሉም በአንድ ነጂ እጅ ጽሑፍ። ለአንዲት እንዲህ ያለች ደብተር የምዕራፍ ሦስትን ግማሽ እሰጣለሁ። ሁለተኛውን ግማሽም ቢጠይቁኝ አልጨክንም።

«አሁን የት አለች?»

«ቤት ስንለቅ ባለቤቴ አሮጌ ወረቀቱን ሁሉ ለባለ ሱቁ በኪሎ ሸጠችው» አሉ። «በርበሬ ጠቀለለበት።»

በበርበሬው አልተናደድኩም፤ የእኔ አያት ከእሳቸው ሚስት አትሻልም። አንዷ በፍርሃት አቃጠለች፣ ሌላዋ ለጓዳ ሸጠች። የባለ ሱቁም ጥፋት አይደለም፤ ልጆች ሆነን ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈትተን የማንበብ ልማድ ባይኖረን እኔም ታሪክ ባልተማርኩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሰምተናል፤ የበርበሬ መጠቅለያ የሆነው ግን ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር የተናገረ የለም።

ሽማግሌው ቀጠሮ ሰጡኝ። ቤታቸው ሄጄ ድምፃቸውን ቀዳሁ፤ ሲናገሩ አንዳንድ ቀን ይደባለቅባቸዋል፣ ዋጋ ግን አይደባለቅባቸውም። ረቂቄን ሳስተካክል «ንዑስ አገልግሎት ሰጪ ኃይል» የሚለውን አውጥቼ «ነጂዎች» አልኩ። አማካሪዬ ከዳር «ጥሩ» ብለው በእርሳስ ጻፉ። እናቴም የሽማግሌውን ድምፅ ከስልኬ ላይ ሰማችው። «ይኼ ፖለቲካ አይደለም፤ ይኼ ኑሮ ነው» አለችና አጎቴ ተማሪ እያለ ማታ ማታ የት ያመሽ እንደነበር፣ ማን ማን ይመጣበት እንደነበር፣ ጠይቄያት የማታውቀውን ሁሉ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። እንዳይቀዳ ብላ ስልኬን በነጠላዋ ሸፍና።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ በአልጋ ሥር ሻንጣ ወይም በቁም ሣጥን አናት ካርቶን ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የትልቅ ሰው ደብዳቤ አልጠየቅኳችሁም፤ የትልቅ ሰው ደብዳቤ ጠባቂ አያጣም። የአባታችሁን የደመወዝ ካርኒ፣ የእናታችሁን የዕቁብ ደብተር፣ የዕድር መዝገብ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የታክሲ ገቢ የተጻፈበት ወረቀት ካለ፣ ለባለ ሱቅ ከመሸጣችሁ በፊት አንዴ አገላብጡት። ባትፈልጉት ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ የታሪክ ትምህርት ክፍል ስጡ። መስጠት ካልሆነላችሁ ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ላይ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሣ ጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።